አንቀጽ

ጥላዬ ተተክሏል ከአቃቂ ፍርድ ቤት በር፣
ላፕቶፔ በመኪና ባትሪ፣ ፕሪንተሬ በላስቲክ፣ ዋጋዬ መቶ ብር።
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይወርዳል፣
"ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ" ከሚለው ላይ ቀድሞ ያርፋል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥርና ኪራይ ከሰስኩ፣
ቦይ የዘጋውን፣ ውርስ የካደውን፣ በስንቱ አፍ ተናገርኩ።
"ትንኮሳ" የሚል ቃል ስጽፍ ነገሩ አፈር ነበር፣
በሌሊት የተነቀለ ችካል፣ አንድ ክንድ የተገፋ ድንበር።

ለሊሴ ማክሰኞ መጣች፣ የምሳ ሰዓቷን ቆርጣ፣
የልኬት ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ፣ ሮጣ።
ተቀመጭ አልኳት። ቆመች።
"ምን አደረገሽ?"
"ምንም" አለች።
ጻፍኩ፦ ምንም። ደለዝኩት።

"ምንም። ብቻ ከማሽኔ ኋላ ይቆማል፣ ተቆጣጣሪው፣
ማጅራቴን እስኪያልበኝ። የትርፍ ሰዓቴ ፈራሚው
እሱ ነው።
ስልኬም ውስጥ ገብቷል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይበራል፣
የላከውን አላሳይዎትም፤ አባት ነዎት፣ ያሳፍራል።
ከሼዱ እስከ ኮዬ ፌጬ መንገዱ መብራት የለውም፣
ብሎኬት ክምር ላይ የሚቀመጡትን፣ አንዱንም አላውቀውም፤
እነሱ ግን ስም ያወጡልኛል፣ በየማታው አዲስ።
አልዞርም። እሄዳለሁ። የክር መቀስ አለኝ፣ በኪስ።"

ቅጹ ቀን ይጠይቃል። ምስክር ይጠይቃል።
"መቼ ነው የጀመረው?"
"አምስተኛ ክፍል።"

"ለከፋ" እንላለን በሠፈር፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ጨዋታ፣
ያበደ ውሻም ይለክፋል፤ ሰይጣንም፣ በቀትርና በማታ።
እኔም ብሎኬት ላይ ተቀምጫለሁ፣ በሃያ ዓመቴ፣
ሳሪስ መታጠፊያ፤ አንዲት ልጅ ጫማዋ ወልቆ ስትሮጥ ሳቅሁ፣ ከአንጀቴ።
ጫማው ቀይ ነበር። አንድ እግሩ እዚያው ቀረ።
ይህን በማመልከቻው ላይ አላሰፈርኩትም።

አዋጁን ገለጥኩ። ለሼዱ ቃል አለው፣ አንጀቴ ራሰ፤
ከጥበቃው ቤት ማዶ፣ ወደ ብሎኬቱ ስደርስ፣ ወረቀቱ አነሰ።
ሕጉ ከዘበኛው ጋር በር ላይ ይቀራል፣
ያ ሰውዬ ግን መታወቂያ ሳያሳይ ያልፋል፣
በስልኳ ከመኝታዋ ይገባል።

የመዝገብ ቤቱ ልጅ፣ መስኮቱ ላይ፣ ሳያነብ መለሰው፦
"በየትኛው አንቀጽ?" አለ፣ "አንቀጽ የሌለው አቤቱታ ምን ሊሆን ነው?"

ግዕዝ ያስተማሩኝ የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ፤
"አንቀጽ ማለት በር ነው" ይሉ ነበር፣ ግድግዳ ዳስሰው ሲዞሩ።

እንግዲያውስ በማውቀው ጻፍኩ፣ በመሬት ቋንቋ፦
"አመልካች ከተወለደችበት ዕለት ጀምሮ፣
ማንም ያልሰጣት፣ ማንም የማይነሣት ይዞታ አላት።
ስፋቱም..." ብዬ ቀና አልኩ። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፣
ጫፉን ረግጣ እስከ አናቷ ዘረጋች፣
"አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት" አለች።
"በምሥራቅ የሚያዋስናት የለም። በምዕራብ የለም።
በሰሜን፣ በደቡብ፣ በስልክ፣ የለም።
ተጠሪ ድንበር ገፍቶ ገብቷል።
ይውጣልኝ።"

ልጁ አሁን አነበበው። ሁለቴ። "ይሄ የመሬት ነው ወይስ የሰው?"
"አንቀጽ አላልከኝም?" አልኩት። "አንኳኳሁ፤ ይኸው።"
ማኅተሙን አነሣ፣ እፍ አለበት፣ ገና አላሳረፈም፣
እሷ ወደ ሼዱ እየሮጠች ነው፤ ከሰዓቷ ደቂቃ አይተርፍም።

መቶ ብሯን ተቀብያለሁ። ሃምሳውን መለስኩላት።
ለምን ሃምሳውን ብቻ እንደሆነ፣ እስከ ማታ አሰብኩበት።