ሦስት ደቂቃ

«ግጥም ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ሦስት ደቂቃ» ተባልኩኝ፤
ከዚራ፣ ማራገቢያው የሚያቃስት አዳራሽ ውስጥ ቆምኩኝ።
ፊት ለፊቴ አንቺ፤
በድሬ ሙቀት፣ በግንቦት፣ ካባ የደረቡብሽ፣
ላቡ በጆሮ ግንድሽ እየወረደ
ፈገግ ለማለት የሚታገል ፊትሽ።
(ካባን የፈለሰፈው ሰው፣ ልብ በሉ፣ ደገኛ ነው።)

የምስክር ወረቀቱን አነበብኩት፤
«ለተጎዱ ወገኖች ላበረከተችው» ይላል፤ ማኅተም አለበት።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤
ያልሰማሁትን አልናገር፣ የሰማሁትን አላሳምር፤
ስለዚህ፣ ትርሲት፣ የለገሃር ልጅ፣ የባቡር ጠጋኙ ልጅ፣
ከመጋዘኑ ልጀምር።

ቆርቆሮው ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይንጣጣል፤
ተፈናቃይ በመስመር ተኝቶ በመስመር ይነሣል።
የመጣሽ ቀን ሴቶቹ እጅሽን አዩት፤
መርፌ የለም፣ ኪኒን የለም፣ ዘይት የለም፣ ስንዴ የለም።
«ይቺ ደግሞ ምን ይዛ መጣች?» ሲሉ
አለሳልሼ ተረጎምኩት።
አንቺ ግን ዋናውን ሰምተሽ ኖሮ ሳቅሽ፤
የተገለበጠ ጀሪካን ስበሽ ተቀመጥሽ።
ስምሽ በዚያው «ባዶ እጅ» ሆኖ ቀረ።
«ባዶ እጅ መጣች!» ይላሉ ልጆቹ፣ ባጃጅሽ ሲቆም።

ሐሊሞ፣ ቤቷ ነዶ ቁልፉ አንገቷ ላይ የቀረው፤
ሌላው ሁሉ «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ፣ መዝግቦ ሲሄድ፣
አንቺ፣ «በሩ ሲከፈት ይጮህ ነበር?»
አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ማጠፊያው አወራች፤
ባሏ ዘይት ሊቀባው ቃል እንደገባ፣
ሳይቀባው እንደሄደ።
ድምፄ ተሰበረ። አንቺ ጠበቅሽኝ።

የአው አደም ነገር ግን የእኔ ጥፋት ነው።
(ፈቅዶልኛል፤ «ስሜን ጮክ አድርገው» ብሎኛል።)
ሌሊት ሌሊት እየተነሣ «ቢዮ! ቢዮ!» ሲል
«ውሃ» አልኩ። ቃሉ ልክ ነው።
አመጡለት፣ በጆግ፣ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፤
ጆጉን ሲያይ ሽማግሌው ቆርቆሮውን ሊወጣ ታገለ።
አንቺ፣ አንድ ቃል ሶማሊኛ የማታውቂው፣
«አልጠማውም» አልሽ፤
«ውሃ ስጡኝ አይደለም፣ ውሃ መጣ ነው የሚለው።»

ደቻቱ በዚያ ሌሊት የወሰደበትን እዚህ አልናገርም፤ አደራ ነው።
ያየሁትን ብቻ፦
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
ከድልድዩ ሥር፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ሦስታችን፤
አጠገባችን ፍየል ካርቶን ታኝካለች፣
የልባሽ ጨርቅ ነጋዴው ሸራውን ይጠቀልላል።
እጁን አሸዋው ውስጥ ከተሽ
«ምን ይላል እጅህ?» ትዪዋለሽ (ድሬ አንቱ አናውቅም)።
መጀመሪያው ማክሰኞ፣ «ይመጣል» አለ።
ሁለተኛውም፣ «ይመጣል»።
አምስተኛው ላይ ብዙ ቆይቶ፣ «ይሞቃል»።
ከተረጎምኩት ሁሉ እሱን ቃል እወደዋለሁ።

አስተርጓሚ «እኔ» እያለ ነው የሚያወራው።
«እናቴን ጎርፍ ወሰዳት» እላለሁ፤ እናቴ ሳቢያን ሳምቡሳ ትሸጣለች።
«ልጄን ከእጄ ነጠቁኝ» እላለሁ፤ ልጅ የለኝም።
ማታ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሐዘን
ከእኔ እኩል ጫማውን ያወልቃል።

አንድ ቀን ማስታወሻሽን ዘጋሽ፤ መጋዘኑ ጭር ብሏል።
«አንተስ?» አልሽኝ።
ዞሬ አየሁ፤ ከኋላዬ ሰው የለም።
«አንተስ፣ ጉሌድ?»
በሦስት ቋንቋ አፌን የፈታሁት ሰውዬ
በአንዱም አጣሁ መልስ።

ሰዓት ያዡ ጣቱን አነሣ።
ካባውን አውልቂው፤ ማንም አይቀየምም።
ስንቱ ሌሊቱን አንቺ ዘንድ አስቀምጦ እንደሄደ አልቆጠርኩም።
ግጥም ብለው ላዘዙኝ፣ ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው፤
እሱም ያንቺው ነው፣ መልሼ ላንቺው፣
ያለ አስተርጓሚ፦

አንቺስ?

እዚህ አትመልሺ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤
አሸዋው እስኪበርድ ጊዜ አለን።