ቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣
አራዳ ላይ ጭሱ ገና ከዝናቡ ጋር ሲሳሳብ፣
ሰባት ሆነን ተቀመጥን፣ ከፊታችን ውኃ በጠርሙስ፤
አጀንዳ አንድ፦ አሸንዳው፣ ግድግዳ ላይ የሚያፈስ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። እጄ ይጽፋል እንጂ አይወጣም፤
ድምፅ የለኝም በደንቡ፤ የውጪው ድምፅ ግን አያመልጠኝም፦
«ኪራዩ ከደሞዝ በለጠ! ልጅ በተስፋ አያድግም!»

ከፒያሳ ቁልቁል የፈሰሰው ሰልፍ፣ በቆመጥ ተባሮ
ከአጥራችን ሥር ተጠጋ፣ ቁልቁለቱን ትቶ ዞሮ፤
ሊስትሮው ከነሣጥኑ፣ ሲሚንቶ የላጠው ወጣት፣
ከባንኩ ፎቅ የወረደች፣ ሽርጧን ያልፈታች ጽዳት።

አጀንዳ ሁለት፦ በሩ።
አቶ ኅሩይ ተነሡ፦
«ምንጣፉንም፣ መብራቱንም የሰጡንን ሰው አትርሱ።
የሚጮኹት በሕንፃቸው፣ በኪራያቸው ላይ ነው፤
ነገ ‹ደብሩ አደመብኝ› ቢሉን ምን ልንላቸው?»

አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «መግለጫ ይውጣ።
ድሀም ባለጠጋም የእግዜር ነው፤ ቁጣ ቁጣን እንዳያመጣ።»
ጻፍሁ። ረቂቁ ያምር ነበር፤ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ፍቅር፤
ዳቦን ፈለግሁበት፤ አልነበረም፣ ከሰማያዊው በቀር።

ወይዘሮ የሺመቤት በቀስታ፦ «ዳዊት ስደግም ጠዋት
‹ችግረኛ ጮኸ፣ እርሱም ሰማው› ይላል፤ እኛስ በዚህ መስኮት...»
አልጨረሱም። አንድ ሰው ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋው፤
የጩኸቱ ግማሽ ውጭ ቀረ፤ ግማሹ ወረቀቴን ወጋው።

ተወሰነ፦ በሩ ይቆለፍ።
አምስት ድጋፍ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ።

ያኔ አባ ወልደ ሰንበት ገቡ፣ ካፖርታቸው ውኃ አቁሮ፤
ቁልፉን ደብተሬ ላይ አኖሩት፣ በሲባጎ እንደ ታስሮ፦
«ሃያ ስድስት ዓመት ቆለፍሁ፤ ለሌባ፣ ለጅብ፣ ለሰካራም።
ለዚህ ግን እጄ አይታዘዘኝም።
ይህም ይጻፍልኝ።»
ወጡ።

ሌሎቹ ገቡ። ሳይገፋፉ። ጸጥታው ከጩኸቱ በለጠ፤
ኮንጎ፣ ሸራ፣ አፉ የተከፈተ ቡትስ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤
እርጥብ እግር ቀዩን ምንጣፍ፣ የስጦታውን፣ ረገጠ።

«ስንት ናቸው?» አሉ አቶ ኅሩይ፣ ከመስኮቱ ሳይርቁ።
መቶ አርባ ሦስት ጫማ ቆጠርሁ፤ አንዱን መንገድ ላይ ጥለው ነው፣ ሳያውቁ።

ማታ በንጹሕ ስገለብጥ፣ ከራስጌው ሁለት መስመር አለ፦
«የተገኙ»፣ «ያልተገኙ»።
እስክሪብቶዬ ሰባታችንን ይዞ ዋለለ።

አጀንዳ አንድ፣ አሸንዳው፣ ለሚመጣው ማክሰኞ ተላልፏል።