ልክ

ታል አፋር፣ ልብስ ሰፊው ቃምበር ዘንድ፣ ጠዋት አንድ እንግዳ ደረሰ፣
ካፖርቱ አቧራ የለበሰ፤
«ኪሴን ስፋልኝ» አለው፣ «ክሩ ከታች ተበጠሰ።»
ቃምበር እጁን ሰደደ፣ ከተቀደደው ጓዳ፤
ካርታ ይዞ ወጣ፣ አራት እጥፍ፣ ቀለሙ ገና እንግዳ።

«ይኼ ምንድን ነው ጌታዬ?» «መድኃኒት ነው» አለ በኩራት፤
«የፈረንጅ ማስመሪያ ነው ያመጣብን ይህን እሳት።
አሁን እኛ እናቀናዋለን፤ ሱኒው ወዲህ፣ ሺዓው ወዲያ፣
ኩርዱም ተራራውን ይዞ፣ ያበቃል ይህ ሁሉ ግድያ።»

ቃምበር ጣቱን አስኬደ፣ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ፣
ያረጀ ስፌት እንደሚዳብስ፣ ይይዝ እንደሁ ክሩ።
መስመሩ በገበያው ዞረ፣ ከመስጊዱ ጥግ ታጠፈ፤
ደርሶም ከራሱ ደጃፍ፣ በመኝታ ቤቱ አለፈ።
ሳብሪያ ሱኒ ናት፣ ሚስቱ፤ በግራ ነው የምትተኛ፤
እሱ ሺዓ፣ በቀኝ፤
በመሃል የልጅ ልጃቸው፣ የሚራገጥ፣ ሦስተኛ።

«ልክ ነህ» አለ፣ «የፊቱን መስመር አውቃለሁ ጥፋቱን፤
ሶርያ ቀረ ያጎቴ መቃብር፣ አርባ ዓመት ሳላይ ሐውልቱን።
ሳይለኩ ነው የቆረጡት፤ እኔም አልሟገትላቸው፤
አንተስ ልክ መች ወሰድክ? ትከሻ ሳትነካ፣ ሜትር ሳትዘረጋላቸው?»

ውጭ ሻይ ሻጭ ብርጭቆ ያንኳኳል፤
አምና ፈንጂ የበላው ግንብ፣ ጥቁረቱ ዛሬም ይታያል።
«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለው፣ ድምፁ ወርዶ፣ እየዛለ፤
«እንጃ» አለ ቃምበር፣ የክሩን ጫፍ በምራቁ እያሾለ።

ኪሱን በጥቁር ክር ሰፋ፣ ድርብ አድርጎ፣ አጥብቆ፤
ገንዘብም አልቀበል አለ፣ ካርታውን ሰጠው አጥፎ ጠንቅቆ።
እንግዳው ከመኪናው ደርሶ፣ ሊከት እጁን ቢሰድ፣
የኪሱ አፍ ተሰፍቷል።
ካርታውን እንደያዘ ቆመ፣ መሃል መንገድ።