አራተኛው ቋጠሮ

ሽንብጥ ዳር፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ውሃው እንደ ዘይት፣
አያ ይመር ቆሟል ከታንኳዎቹ ፊት።
አይናገር፣ አይጽፍ፤ ከወገቡ ገመድ
ጣት የምታህል ልጥ ይቆርጣል በልማድ።

አንድ ቋጠሮ ሲያስር ካንዷ ታንኳ አፍንጫ፣
ልጁ ይገፋታል ወደ ሌላ መውጫ፤
በጎን አጋድሞ ልጡን ሲቀጥልባት
ደንገል ይዞ ይሮጣል፣ ወገቧን ሊጠግናት።
አራት ከሆነ ግን፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣
ማንም አይከራከር፣ ማንም ወደኋላ አያይ፤
ጎትተው ያወጧታል። ማሰሪያዋ ይፈታል።
ደንገሏ ዘንግ በዘንግ ጠጠሩ ላይ ይሰጣል።

ይህን ያየሁ ለት ከፔዳ ቤተ ሙከራ ነበር የመጣሁት፣
መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ጄሌን ሦስቴ የሠራሁት።
ፊልሙ ላይ የወጣው ጥቁር መሰላል፣
ከታች ጥርት ብሎ፣ ከላይ ጭስ ይመስላል።
«ዩቢኩቲን ናት» አልኩት ዘበኛውን መኳንንትን፣
«ሰባ ስድስት ጨሌ፤ ታናሽ፤ ግን ታዛለች ስንቱን።»
«ትገድላለች?» አለኝ፣ ጋቢውን እየሰበሰበ።
«አይደለም፤ ትለጠፋለች።» ሳቀ፤ ቆይቶ አሰበ።
«እንደ ማኅተም በለኛ! ማኅተም ሰው አያስር፤
ያነበበው ነው እንጂ ቁልፉን የሚያዞር።»

አንባቢዎቿ ብዙ ናቸው፣ አያያዛቸው ግን ልል፤
አጥብቀው ቢይዙማ ሥራ መች ይቀጥል።
አንዱ ዳስሷት ሲያልፍ፣ ጭነቱን ወደ ደጅ ይመራል፣
ሌላው ለተበጠሰ የዘር ክር ጠጋኝ ይጠራል፤
አራቱን የቆጠረው ወደ በርሜሉ አፍ ይወስዳል፣
ውስጡ መቀስ ነው፤ የገባው ብጥስጣሽ ሆኖ ይወርዳል።
እሷ ግን አትገባም። በር ላይ ትፈታለች፤
ቋጠሮ ሆና መጥታ፣ ለሌላ ቋጠሮ ትመለሳለች።

አምና ኑርዬ፣ ልጁ፣ በሌሊት ተነሥቶ
አራቱን ሦስት አደረገ፣ አንዱን ልጥ ፈትቶ።
መቅዘፍ የተማረባት ናት፤ አንጀቱን በላች።
ከእንጦስ ወዲህ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ይዛው ወረደች።
በሦስት ደንገል ቆራጮች ክንድ ተጎትቶ ወጣ።
አያ ይመር አልመታውም። አልተቆጣ።
ከልጁ ኪስ ያንን ልጥ አውጥቶ፣ እርጥቡን፣
ወገቡ ላይ መልሶ ሰካው፣ ለሌላ ታንኳ፣ ለሌላ ቀን።

ፊልሙን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለሐይቁ ብርሃን ሰጠሁት፤
አራተኛው እርከን ላይ ጭሱ ሲጀምር አየሁት።
ከበታቹ፣ ዳር ላይ፣ አንዲት አሮጌ ታንኳ ጎንበስ ብላለች፤
ሆዷ ጠቁሯል፤ እንደ ሰከረ ሰው ትወዛወዛለች።
ኑርዬ በጥርሱ ልጥ ሰነጠቀ። አንድ አሰረ። ሁለት።
ሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ አባቱን አየው፣ ለቅጽበት።

አባቱ ውሃውን ነው የሚያየው።