የቁልፍ ቆርቆሮ

ሃይፋ፣ ማሳዳ ጎዳና፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ወደብ፤
በሳምንት አምስት ቀን እመጣለሁ፣ ክኒን ልሰጥ፣ ገላ ላጥብ።
ወይዘሮ ሊዝሎት ዘጠና ስምንት ዓመቷን ይዛለች፤
የጠዋት ቁርሷን ትረሳለች፣
የሰባ ሰባት ዓመቱን ግን በክር ትቆጥራለች።

ዛሬ ከቀሚሴ ደረት አንዲት ቁልፍ ወለቀች።
«ከአልጋው ሥር» አለች፣ «የብስኩት ቆርቆሮ አለ፣
ውሰጂ የሚሆንሽን፤
ጨርቁን ብቻ እንዳትነኪው፣ እንጓዳይ፣ አደራሽን።»

አደራ በል እጄ
ቁልፉን ትቶ ጨርቁን ያዘ።
ጥቁር ነው፣ የመሀረብ ግማሽ፣ ዕድሜ ያወየበው፤
በላዩ አንዲት ነጭ ጥብጣብ፣ ጣት የምታህል፣
መርፌ ከነክሩ ተሰክቶባት የቀረ፤
ቋጠሮው ተቋጥሮ ነበረ፣
ስፌቱ ግን አልተጀመረ።

አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ወደቡ መለሰች።

«ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከብሬስላው በስደት መጥቼ
ልብስ እሰፋ ነበር፣ ከገበያው በላይ ጓዳ ተከራይቼ።
እንግሊዞቹ በዚያ በጋ ከእስክንድርያ ተገፍተው መጡ፤
እናት መርከባቸው ሰጥማ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸቱ ልጆች፣
ጓዳ እንደበቀለ ሽንኩርት ፀሐይ አጥተው የነጡ።
የሰርጓጅ መርከባቸውን ስም አልነግርሽም፤ ምስጢር ነው ብሎኛል።»

(ከሰባ ሰባት ዓመት በኋላም! ብዬ ሳቅሁ፤
እሷ አልሳቀችም።)

«ሴድሪክ ነበር የባንዲራው ኃላፊ፤ ጥቁር ጨርቅ በብብቱ፣
ራስ ቅል ከነአጥንቱ።
‹ድሮ ትልልቆቹ ወንበዴ ብለው ሰደቡን› አለኝ፣
‹እኛም ስድቡን ሰቅለን ነው ወደብ የምንገባ።›
ለአንድ የሰመጠ መርከብ አንዲት ነጭ ጥብጣብ፤
ሒሳቡ ይኸው ነው።
በሐምሌ ሦስት ሰፋሁ፣ በነሐሴ ሁለት።
ዋጋዬ ሳርዲን፣ አንዳንዴም ሳሙና።
ከእናቴ ደብዳቤ መምጣት ካቆመ ዓመት ሞልቶት ነበር፤
እውነቱን ልንገርሽ፣ ክሩን ሳጠብቀው ደስ ይለኝ ነበር።

‹በአንዷ ስንት ሰው አለ?› ብዬ ጠየቅሁት አንድ ማታ።
ሻዩን ማማሰል ጀመረ፣ በቀስታ፣ በዝግታ፤
ስኳር አልነበረውም።

‹ከታችስ እንዴት ነው?›
‹ማንኪያው በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ሳል በትራስ ይታፈናል፤
የሚያድነን መርከብ በላያችን ሲያልፍ
ሁላችን ቀና ብለን ጣራውን እናያለን፣
ሰማይ ያለው ይመስል።›»

(በዕብራይስጥ ነው ያወራችኝ። በአማርኛ ስገለብጠው
‹የሚያድነን› አልሁ፤
የትኛውን እንደሆነ ፊደሉ አይለየው።)

«በመስከረም ‹ቦታው ሞላ› አለኝ፣ ‹ከግርጌው ጨርቅ ቀጥይበት፤
ነጯንም ቀድመሽ ቀምቅሚ፣ ሐሙስ ነን፣ አንቀርበት።›

ሐሙስ መጣ።
ሐሙስ ብቻ።

ሌሊት የማስበው ስለ እሱ እንዳይመስልሽ።
በሌላ ወደብ፣ በሌላ መስኮት ሥር፣
እንደኔው ስፌቷ ቀጥ ያለ አንዲት ልጅ
ለእነሱ ሰዎች ጥብጣብ ሰፍታ፣
ሳርዲኗን ተቀብላ ይሆናል በዚያው ማታ።»

ዝም አልን። ከታች አንድ የጭነት መርከብ ጡሩንባ ነፋ።
ጨርቁን በነበረበት እጥፋት አጠፍሁት፤
መርፌው ዝጎ ነበርና ጣቴ ላይ ቀይ አሻራ ተወ።
ቁልፍ ፍለጋ ነበር የከፈትሁት፤ ቁልፉንስ አገኘሁ፣
መዝጊያውን ነው ያጣሁ።

ብርድ ልብሱን ሳለብሳት፣ ዓይኗ ሊከደን ሲል፣
«ቀኑ ማን ነው ዛሬ?» አለችኝ።
ሐሙስ ነበር።
«ረቡዕ» አልኋት።