ጸሎቱ ጸ

ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ሌላ አትጠርጥሩ፣
በወገልጤና ዳር፣ በገበሬ ማኅበሩ።
የሚካኤልን ደወል ከወይራው አውርደን፣
እሑድ፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ ለስብሰባ እየደወልን፣
አሮጊቶች ነጠላ አጣፍተው ይመጣሉ፣
የቢሮውን መቃን ተሳልመው ይቆማሉ፤
እኛ እንስቃለን።

በሐምሌ አመጧቸው፤ ጥምጥማቸው ርሶ፣
ዘቡ ከኋላቸው ካቦርታ ለብሶ፣
እጃቸው ታስሮ በገዛ አህያቸው ጠፍር።
የመምሬ ይትባረክ ጥፋት፦ ሕፃን በሌሊት ማጥመቅ፣
የብሩ ጽዋ የት እንደገባ አለመናገር።
(ይመር አሊ ጎተራ፣ ከገብሱ ሥር ነበር።
ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ትንፍሽ ያለ የለም።)
የይመር ሚስት ዘሃራ፣ ረቡዕና ዓርብ
ሽሮ ያለ ቅቤ ይዛ ስትቀርብ፣
«ጾማቸው ነው» ትላለች፤ ክርስቲያኑ ዘብ
ቀኑ ጠፍቶበት ያፈጥባታል።

ካድሬው ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ።
«ጸረ ሕዝብ» ይለኛል፤ «ጸረ ሕዝብ» እላለሁ።
መምሬ ጎንበስ አሉ ከጠረጴዛው ማዶ፣
ወይራው ሥር ፊደል ሲያስቆጥሩኝ እንደያዙት ስንደዶ
ጣታቸው የተገለበጠ ጽሑፌ ላይ አረፈ፦
«አንተ ልጅ፣ ይቺ'ኮ ጸሎቱ ጸ ናት፤
ፀር በፀሐዩ ነው። ሰው አይከሰስባት።»

ሰረዝኩት። አረምኩት። በፀሐዩ ጻፍኩት።
ምኑን እንዳረምኩት ያን ቀን መች አወቅኩት።
ደሴ ድረስ ሄደ ክሱ ተስተካክሎ ታርሞ፣
ግድፈት የሌለበት፣ በማኅተም ታትሞ።

ስድስት ዓመት።

ሲመለሱ ዓይናቸው ሰው አይለይም ነበር፤
ጨለማው ቤት ቀምቷቸው ቀረ።
በድምፄ ነው የሚያውቁኝ፤ «ጸሐፊው፣ ደህና ነህ?»
ከዚህ ሌላ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል አልወጣቸው።

ዛሬ ልጄ ደጃቸው ዳዊት ያነብላቸዋል።
«ጸ... ጸ...» እያለ አንድ ቦታ ተያዘ።
«የትኛዋ ጸ ናት?» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው።
ለጆሮ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ዓይን ነው፣
ዓይን ደግሞ የላቸው።
በልጄ ትከሻ ላይ አጮልቄ አየሁ፤
ፀር ነበር ቃሉ። በፀሐዩ።
«ጸሎቱ ናት፣ አባ» አልኳቸው፣
ዳዊትን በቃላቸው እንደሚያውቁት ረስቼ።

ጥቂት ዝም አሉ። መቋሚያቸውን ዳበሱ።
ከዚያ ለልጄ፦
«አባትህ እንዳለው አንብበው» አሉት።