ኤግዚቢት፦ በርበሬ

ቡሬ መናኸሪያ፣ የያዙኝ ለታ፣
"ሦስት ጆንያ በርበሬ" ተጻፈ በማታ፤
ሲነጋ መዝገቡ "ሁለት ጆንያ" አለ፤
አንደኛው በሌሊት በእግሩ ኮበለለ?

ከስምንት ሺህ ብሬ አንድ ዜሮ ተስቦ፣
"ዜሮ ምን አላት?" አለኝ ሳጅን አንማው፣
ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ችሎት የደረሰው ሦስተኛው ወረቀት፦
"ባዶ ጆንያ፣ አንድ።"
አውራ ጣቴ ብቻ በሦስቱም ያው ናት፤
ደግነቱ እሷ ገበያ የላት።

ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ ቢያደርጉት
አስነጠሳቸው።
ጸሐፊዋን ደግሞ።
ሳጅን አንማው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ
ከእጥፋቱ ዱብ አለች የበርበሬ ፍሬ፣
ክብ፣ ቢጫ፣ ጠፍጣፋ፣
ቁርጥ ያቺን ዜሮ፣ የጠፋች ከብሬ።